የሚዳቋ ሥዕል ባለቤት

በጫካው መካከል አንድ አለት ነበር፤ ከስፋቱ የተነሳ ቁራ ከአንደኛው ጫፍ ተነስቶ ሌላኛው ጫፍ እስኪደርስ የልጅ ልጅ ያያል። የአራዊት ዕውቀት ሁሉ የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው። ጥፍር ያለው ይጽፋል፤ ያልጣመው ይፍቃል። ሕጉ ሁለት ብቻ ነበር፦ ማንም ስለ ራሱ አይጻፍ፤ የሌላውንም ሥዕል ሠሪው ሳይፈቅድ አይለጥፍ። ገዢው አያ ጅቦ ሕግ አክባሪ ነው፤ ስለ ራሱ አንዲት ፊደል ጽፎ አያውቅም። አማቹ ቀበሮ ሲጽፍለት ግን ከኋላው ቆሞ ያርማል።

አንድ ቀን ቀበሮ «ደጉ ጅብና ወዳጁ ሚዳቋ» ብሎ ጻፈና ከሥሩ የሚዳቋን ሥዕል በሙጫ ለጠፈ። ሥዕሉ ከጃርት ዋሻ የተሰረቀ ነው። ጃርት በገዛ እሾኋ፣ በዛፍ ቅርፊት ላይ የሳለችው ነው። ሚዳቋ የዋሻ ጓደኛዋ ነበረች፤ ባለፈው ክረምት አያ ጅቦ በላት። ከዚያ ወዲህ ጃርት ከሥዕሉ በቀር የምታጫውተው አልነበራትም።

የአለቱ ጠባቂ አባ ኤሊ ጉባኤ ጠራ።

«ሥዕሉ የእኔ ነው። ማን ፈቀደ?» አለች ጃርት።

«እሜቴ፣ ሟቿን ትወጃት አልነበር?» አለ ቀበሮ።

«እንደ ነፍሴ።»

«ይኸው! ታዳላለች። በዚህ ጉዳይ አፏን ትያዝ።»

«የበላትስ አያዳላም?» አለ ዝንጀሮ፣ ከዛፍ ላይ ስለሆነ ደፍሮ።

አያ ጅቦ ሆዱን መታ መታ አደረገ። «ያረፈችው እዚህ አይደል? ከእኔ የቀረበ ወራሽ ማን አላት?»

ጉባኤው ሳቀ። አህያ ከሁሉም አብልጣ ሳቀች፤ አያ ጅቦ እያያት ነበርና።

አባ ኤሊ ፈረደ፦ «ሥዕሏን ታንሳ፤ ጽሑፉን ግን እንዳትነካ።»

ሁሉም ሲበተን ጃርት ብቻዋን ቀረች። ሙጫው ቅርፊቱን ነክሶታል፤ ከተነሳ ይፈረፈራል። ብትተወው ሚዳቋ ለበላተኛዋ ጌጥ ትሆናለች፤ ብታነሳው ያ መልክ ከዓለም ይጠፋል።

«ምን ላድርግሽ?» አለቻት፣ በሥዕሉ ያለችውን ሚዳቋ። ጃርት ዓይኗን ጨፍና ፋቀችው።

ከዚያ ወዲህ አላፊ አግዳሚው ጽሑፉን እያነበበ፣ ባዶውን ቦታ እያየ «ወዳጁ የታለች?» ማለት ጀመረ። አያ ጅቦ ሰላም አጣ። ጃርትን በሕዝብ ፊት አስጠርቶ «ሌላ ሳዪ፤ ይኸው ፈቅጃለሁ!» አላት።

«መልኳ ጠፋብኝ፣ ጌታዬ» አለች። ዋሸች። «መጨረሻ ያዩዋት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ይንገሩኝና ልሳል፤ ያን ጊዜ ዓይኗ እንዴት ነበር?»

አያ ጅቦ አፉን ከፈተ። ጫካው ሁሉ ጆሮውን አቆመ። ይኸው እስከ ዛሬ መልሱን እየጠበቀ እንደ ቆመ ነው።