«ገባን» ያለችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ጅብ ልጆቻቸውን እየነጠቀ ያስመረራቸው እንስሳት ከወንዝ ዳር ካለ ሾላ ሥር ትምህርት ቤት ከፈቱ። አስተማሪዋ አሮጊቷ ኤሊ ተማሪዎቹን በቡድን ከፋፈለቻቸው። አህያና ፍየል አንድ ቡድን ደረሳቸው፤ አለቃቸው ምላሰኛዋ ቀበሮ ሆነች።

አንድ ቀን ኤሊ፣ «የጅብ ጩኸት የራቀ ሲመስላችሁ ቀርቧልና ሽሹ። ለምን እንደሆነ ተወያዩ» አለቻቸው።

አህያ ወደ ቀበሮ ጠጋ ብላ፣ «የራቀው እንዴት ነው የቀረበው?» ስትል ጠየቀች።

«ዝም በይ። እትዬ ኤሊ ከሰሙሽ ነጥብ ታስቀንሺብናለሽ።»

«እኔ ላስረዳት?» አለች ፍየል።

«አንቺን ማን አለቃ አደረገሽ? አርፈሽ ተቀመጪ።»

ቀበሮ ብቻዋን ብድግ አለች። «ጅብ ሲቀርብ አፉን መሬት ላይ ደፍቶ ስለሚጮህ ድምፁ ይታፈናል።»

«ጎበዝ ቡድን» አለች ኤሊ። «ሁላችሁም ገባችሁ?»

«ገባን» አሉ በአንድ ድምፅ። ከሁሉም አብልጣ የጮኸችው አህያ ነበረች።

በማግስቱ ጠዋት ወንዙን ጉም ሸፈነው። ተማሪዎቹ ውሃ ሲጠጡ በየተራ ዘብ ይቆማሉ፤ ተራው የአህያ ነበር። ከጉሙ ውስጥ አንድ ቀጭን ጩኸት ሰማች። ጆሮዋን አቆመች። የትናንቱን ትምህርት ልታስታውስ ሞከረች፤ ሳይገባት ያለፈው ነገር ግን ከጭንቅላቷ ጠፍቷል።

ጩኸቱ እንደገና መጣ። አሁን ይበልጥ ቀጠነ፤ አህያ ጅቡ እየራቀ የሄደ መሰላት።

«ሰላም ነው?» አለች ቀበሮ ከውሃው ቀና ሳትል። የወንዙ ድምፅ ጆሮዋን ሞልቶት ነበር።

«ሰላም ነው። ጠጪ።»

አህያ አጠገብ የነበረችው ፍየል ጩኸቱን ሰምታለች። ልትናገር አፏን ከፈተች። ቀበሮን አየችና መልሳ ዘጋችው።

ጅብ ከጉሙ ተወርውሮ ወጣና የቀበሮን የኋላ እግር ያዘ።

«አንቺ ደንቆሮ» አለች ቀበሮ፣ አሸዋውን በጥፍሯ እየቧጠጠች። «ትናንት አልተነገረሽም?»

«ስጠይቅሽ ዝም በይ አልሽኝ» አለች አህያ።

ሆዳሙ ጅብ ለክርክራቸው ግድ አልነበረውም። ጎትቷት ጉሙ ውስጥ ገባ።

በነጋታው ኤሊ አዲስ ትምህርት አስተማረች። «ገባችሁ?» ስትል ጠየቀች።

«እኔ አልገባኝም» አለች አህያ።

ዝም በይ የሚላት አልነበረም። ፍየል ወደ እሷ ተጠጋችና ከመጀመሪያው አንስታ ታስረዳት ጀመር።

ከዚህ የምንማረው፣ ያልገባውን ጓደኛችንን ዝም አሰኝተን ብናልፍ፣ የእሱ አለማወቅ አንድ ቀን እኛኑ እንደሚያስበላን ነው።