አንዲት ጥርስ

አቶ ልሳነወርቅ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ከሆኑ ወዲህ የማያውቁት ሙያ ጠፋ። የመኪናቸውን ሞተር እንኳ “ጋራዥ አላስነካም” ብለው፣ ግቢያቸው ውስጥ በገዛ እጃቸው ፈትተው በገዛ እጃቸው ገጠሙት።

ዘበኛቸው ድሮ ጋራዥ የሠራ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ጎንበስ ብሎ አየና፣ “ጌታዬ፣ ቫልቮቹን የሚከፍቱት ሁለቱ ካምሻፍቶች ምልክታቸው አልገጠመም። አንደኛው ሰንሰለቱ ላይ አንዲት ጥርስ ዘሏል፤ እንዲህ ሆኖ ሞተሩ አይነሳም” አላቸው።

“አንዲት ጥርስ ምን አላት! ይልቅ አንተ በርህን ጠብቅ” አሉት።

ሄዶ በሩን ጠበቀ።

ከሰዓት በኋላ የመሥሪያ ቤታቸው ሰዎች ተጋብዘው መጡ። አቶ ልሳነወርቅ ስለ ሙያቸው ረዘም ያለ ንግግር አደረጉና ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ እንደ ጉንፋናም ሁለቴ አስሎ ቀጥ አለ።

እንግዳው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ኃላፊው ዞር ዞር ቢሉ ከዘበኛው በቀር ጥፋቱን የሚያሸክሙት ሰው አላገኙም።

“ና ወዲህ! እኔ የገጠምኩት ሞተር ሌባ ካልነካካው በቀር አይቆምም። ማን እንደገባ ተናገር! ማንም አልገባም ካልክ ዛሬውኑ ትባረራለህ!”

ዘበኛው ቆቡን አውልቆ እጅ ነሳ።

“ሌባስ ገብቷል፣ ጌታዬ። ይዞ ሲወጣም አይቼዋለሁ። የወሰደው ግን አንዲት ጥርስ ብቻ ስለሆነ፣ ለአንዲት ጥርስ ተብሎ ሰው አይባረርም ብዬ ተውኩት።”