በር የለሽ

ከወንዙ በላይ ባለው ጉብታ ላይ «በር የለሽ» የምትባል መንደር አለች። አጥር በየቤቱ አለ፤ የግቢ መዝጊያ ግን አንድም የለም። ፍየል እየገባ ጓሯቸውን ሲያራቁተው ጎረቤቶቻቸው «የበር የለሽ ጎመን፣ ዘሪው ሰው፣ በሊታው ፍየል» እያሉ ያሾፉባቸዋል፤ እነሱም አብረው ይስቃሉ እንጂ መዝጊያ አይሰቅሉም።

ሽማግሎች እንደሚሉት፣ በዚያ ጉብታ ላይ ድሮ የውሃ ጉድጓድ የነበራት ይርገዱ የምትባል ባለጸጋ ብቻ ነበረች። ወንዝ ዳር የሚኖሩት ድሆች ሸክላ ሠሪዎችም በደጉ ቀን ከእሷ ይቀዱ ነበር። አንድ ክረምት ግን የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ ክፉ በሽታ ገባ፤ የሟች ልብስ የሚታጠበው በወንዙ ነበርና ከወንዙ የጠጣ ሁሉ ይወድቅ ጀመር። ይርገዱ ቤቷ አራስ ልጇ ተኝታ ነበርና ፈራች፤ በሽታው ከሰው ጋር ይገባል ብላ መዝጊያዋን ቀረቀረች።

ሸክላ ሠሪዋ ወለላ ባዶ እንስራ አዝላ መጥታ ከውጭ ተጣራች።

«እትዬ ይርገዱ፣ ልጄ ታማብኛለች። የወንዙን ውሃ ማጠጣት ፈራሁ፤ አንድ እንስራ ብቻ ይስጡኝ።»

«በሽታው ጋብ ይበልና ትመጫለሽ፣ ወለላ። አራስ አለችብኝ።»

«የሚጠጡበት እንስራ እኮ የእጄ ሥራ ነው። ያኔ እጄን አልፈሩትም።»

ይርገዱ መዝጊያውን አልከፈተችም። ወለላም «እንግዲያው እንስራዬ እዚሁ ይቆይ፤ ልብዎ ሲራራ ይሙሉልኝ» ብላ ባዶ እጇን ወረደች ይባላል።

ያ እንስራ ሁለት ቀን ከደጅ ተቀመጠ፤ ይርገዱም በመዝጊያው ቀዳዳ ደጋግማ ታየው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሞልታ፣ ራሷ አዝላው ቁልቁል ስትወርድ ዶማ የያዘ ሰው ከወንዙ ዳር ሲመጣ አገኘች።

«ለማን ነው ውሃው?» አላት።

«ለወለላ።»

«ወለላንማ ትናንት ከነልጇ ቀበርናት።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ይርገዱ ውሃውን ለቀሩት ሕሙማን አዳርሳ ተመለሰችና መዝጊያዋን በገዛ እጇ ፈለጠችው፤ በእንጨቱም አጥሚት እያፈላች ወንዝ ዳር ታመላልስ ጀመር። ግቢዋ ለሁሉም ተከፍቶ ሳለ አራሷ ምንም አልሆነችም፤ እሷን እስክትሞት ያንገበገባትም ይኸው ነበር። «ለካ መክፈት እችል ኖሯል» ትል ነበር አሉ።

ዛሬ መንደሯ ቧንቧ ገብቶላታል። ቢሆንም ጧት መጀመሪያ የሚቀዳው ውሃ በየአጥሩ መግቢያ ለሚቀመጠው እንስራ ነው፤ አላፊ አግዳሚው ማን ነህ ሳይባል ይቀዳል። የምትሞላዋ ሴት ወደ ወንዙ ዞራ «ወለላ፣ ሞልቶልሻል» ትላለች። መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጥቂት ትቆምና ከዚያ ለቤቷ ትቀዳለች።