ዘርፌና የታጠፈው ጥለት

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ። በዓይን በማትታይ አንዲት ህዋስ ውስጥ ዘርፌ የምትባል ፕሮቲን ነበረች። ሙያዋ ጥገና ነው። ኒውክሊየስ በሚሉት የህዋሷ አስኳል ውስጥ የዘር ክር አለ፤ አንድ ቀን ፀሐይ መታችውና ተበጠሰ። ህዋሷ ደግሞ ለሁለት ልትከፈል ደርሳለች። ክሩ ሳይጠገን ከተከፈለች ልጆቿ የተበጠሰውን ይወርሳሉ። ዘርፌ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። ነጠላዋን ዘቀዘቀች፤ ጥለቱን ወደ ውስጥ አጥፋ ቋጠረችና እያለቀሰች ወደ አስኳሉ በር ሮጠች።

"በር ሆይ፣ አስገባኝ! ክሩ ሳይጠገን ሊቀር ነው።"

"ትንንሾቹ እንደ ልባቸው ይሾልካሉ፤ እንዳንቺ ያለች ግዙፍ ግን ዋስ ትጥራ" አለ በሩ።

እንግዳ ተሸክመው በሩን የሚያሻግሩት ዋስ ጋሽ አሻግሬ ናቸው። ወደ እሳቸው ሄደች።

"ጋሽ አሻግሬ፣ ዋስ ይሁኑኝ! በሩ አላስገባ አለ፤ ክሩ ሳይጠገን ሊቀር ነው።"

"የኔ ልጅ፣ የአስኳል ሰው የሚታወቀው በጥለቱ ነው። ጥለትሽን ሳላይ አልሸከምም።"

ዘርፌ ግራ ገባት። ጥለቷ የት ገባ? ጠዋት ነበረ!

"ጥለት ሆይ፣ ውጣ! ጋሽ አሻግሬ አልሸከም አሉ፤ በሩ አላስገባ አለ፤ ክሩ ሳይጠገን ሊቀር ነው።"

"እዚህ ነኝ" አለ ጥለቱ ከብብቷ ስር ታፍኖ። "ቋጠሮው ተጭኖኝ እንዴት ልውጣ?"

"ቋጠሮ ሆይ፣ ልቀቅ! ጥለቱ አልወጣ አለ፤ ጋሽ አሻግሬ አልሸከም አሉ፤ በሩ አላስገባ አለ፤ ክሩ ሳይጠገን ሊቀር ነው።"

"ራሴን በራሴ አልፈታ! ፈቺዋን እትዬ አልጣሽን ለምኚ።"

እትዬ አልጣሽ ዘንድ ስትደርስ ነገሩ ሁሉ ዞረባት።

"እትዬ፣ በሩ አልሸከም አለ፤ ጋሽ አሻግሬ አልፈታ አሉ፤ ጥለቱ አላስገባ… ኧረ ጉዴ ፈላ!"

"ቀስ በይ ልጄ፤ ከመጀመሪያው።"

"ቋጠሮው አልለቅ አለ፤ ጥለቱ አልወጣ አለ፤ ጋሽ አሻግሬ አልሸከም አሉ፤ በሩ አላስገባ አለ፤ ክሩ ሳይጠገን ሊቀር ነው!"

እትዬ አልጣሽ ነጠላዋን አዩት። "እኔ የለቀስተኛ ነጠላ አልፈታም። ማን ሞቶብሽ ነው?"

"ክሩ…"

"ሞተ?"

"ተበጠሰ እንጂ… ገና አልሞተም።"

"ታዲያ ጠጋኟ አንቺ ሆነሽ፣ ሳይሞት ምን ያስለቅስሻል?" አሉና ቋጠሮውን ፈቱት።

ቋጠሮው ለቀቀ፤ ጥለቱ ወጣ፤ ጋሽ አሻግሬ አይተው ተሸከሟት፤ በሩ ዋሱን አውቆ አስገባ። ውስጥ ሲደርሱ ግን ጋሽ አሻግሬ ምትክ ካልያዝኩ ብለው አላወርድ አሉ! ዘርፌ እንደገና ግራ ገባት። ደግነቱ ራን የሚባለው የአስኳሉ አሳላፊ መጣና "ጋሼ፣ እሷን ይልቀቁና እኔን ይያዙኝ" አላቸው። ለቀቋት፤ እሱን ይዘው ወጡ።

ዘርፌ ክሩን ጠገነችው። ህዋሷም ለሁለት ተከፈለች፤ ልጆቿ ሙሉ ሙሉ ክር ይዘው ተለያዩ። ዘርፌ ነጠላዋን አቅንታ ስታያቸው እንባዋ ዳግመኛ መጣ፤ አሁን ግን ማንም "ማን ሞተብሽ?" አላላትም።

ተረቴን ፈትቼ ሰጠኋችሁ፤ እናንተ ቋጥራችሁ ያዙት።