ያልሄድኩበት መርዶ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ለአንዲት ተማሪዬ ስነግራትም የሌላ ሰው ታሪክ አስመስዬ ነው የጀመርኩት።

ተማሪዬ ምንትዋብ የምትኖረው ከአክስቷ ጋር ነው። አባቷ አገር ቤት ታሞ ሲሞት አክስቷ መርዶውን ሦስት ቀን ደበቀቻት። ፈተናዋን እስክትጨርስ «ተሽሎታል» እያለች ምሳ ቋጠረችላት። ከአርባው በኋላ ልጅቱ ሻንጣዋን ይዛ ቢሮዬ መጣች።

«ቲቸር፣ እዚያ ቤት አልመለስም። አክስቴ ፌክ ናት። እየሳቀች እኮ ነው ያበላችኝ! ፌክ ካልተባለች ምን ትባል?»

ልጆቹ ይህን የእንግሊዝኛ ቃል ይወዱታል። አስመሳዩንም፣ አታላዩንም፣ የጨነቀውንም ሰው በአንድ ጆንያ ይከቱበታል። ለመከራከር አቅም አልነበረኝም። እንዲህ አልኳት፦

«አንዲት ሴት ነበረች። በሰፈሩ ስልክ ያላት እሷ ብቻ ነበረች። አንድ ቀን የጎረቤቷ ልጅ በመኪና አደጋ መሞቱን ሰማች። የእድር ሽማግሌዎች ‹ዘመድ እስኪሰበሰብ እናቱ እንዳትሰማ። ቅዳሜ ማለዳ እናረዳታለን። አንቺን ስለምትወድ አንቺ ትይዣታለሽ› አሏት።

«እናቲቱ በየቀኑ እየመጣች ‹ልጄ አልደወለም?› ትላለች። ሴትዮዋም ‹መስመሩ ተበላሽቶ ነው እማማ› ትላለች። አራት ቀን እንዲህ ዋለች። እህል አልወርድ ብሏት፣ ፊቷ ግን ይስቃል።

«ቅዳሜ ማለዳ ሰዎቹ በሯን አንኳኩ። ሴትዮዋ ብርድ ልብስ ተከናንባ ‹አሞኛል› አለች። ምንም አላመማትም። ያለ እሷ ሄዱ። ጩኸቱን በግድግዳው በኩል ሰማችው።»

ምንትዋብ «ከዚያ በኋላ እማማ ሴትዮዋን አኮረፏት?» አለችኝ።

«አላኮረፉኝም» አልኳት። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። «ታማለች ሲሏቸው ከለቅሶ ቤት አጥሚት ላኩልኝ። ጠጣሁት።»

ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔ ጠረጴዛውን አየሁ።

«አየሽ ምንትዋብ፣ የአራቱን ቀን ውሸት የተሸከምኩት ለእሳቸው ብዬ ነው። የቅዳሜው ግን ለራሴ ነበር። አክስትሽ በመርዶሽ ጠዋት የት ነበረች?»

«ይዛኝ ነበር። ራሴን ከግድግዳው ጋር እንዳላጋጭ።» ድምፅዋ ቀነሰ። «ክንዷን ነክሻታለሁ።»

«የሞተው የእሷም ወንድም ነው። አንቺን ብላ ሦስት ቀን ሳታለቅስ ዋለች። እሷ እስከ መጨረሻው ከተሸከሙት ናት፤ እኔ መንገድ ላይ ከጣሉት። ያንን ‹ፌክ› የምትይውን ቃል ለእኔ አስቀምጪው።»

ሻንጣዋን አንስታ ወጣች። በመስኮት በዓይኔ ስከተላት ወደ አክስቷ ቤት በሚወስደው መንገድ ታጠፈች።

እኔ በማግስቱ ጠዋት፣ ለቅቄው ከወጣሁ አሥራ ስድስት ዓመት ወደ ሆነኝ የድሮ ሰፈሬ ሄድኩ። የእማማን በር አንኳኳሁ።

«ማነው?» አሉ ከውስጥ።

«ያን ቅዳሜ ያልመጣሁት ነኝ፣ እማማ» አልኳቸው።