የመጨረሻዋ ጭላትና ሁለቱ ተሳፋሪዎች

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት የራሳቸው የአውሮፕላን ፋብሪካ በነበራቸው ዘመን፣ ጭላት የምትባል ትንሽ ጄት ነበረች። እንደ ስሟ ቀጭን፣ ፈጣንና ቆንጆ ናት። ሹል አፍንጫ፣ ከጭራዋ አጠገብ ሁለት ሞተሮች፣ በውስጧም ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት የቆዳ ወንበሮች አሏት፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። የሚበሩባት የጫካው ባለጸጎች ብቻ ነበሩ፤ አንበሳ፣ ነብር፣ አልፎ አልፎም ሠርግ የተጠራ ጎሽ።

ዘመን ተለወጠ፤ ባለጸጎቹም ወፈሩ። ነብር በውስጧ ቆሞ መንጎራደድ አማረው። ዝሆን ኩምቢውን አስገብቶ ሌላውን ውጭ መተው ሰለቸው። ስለዚህ ፋብሪካው ጭላትን መሥራት ትቶ ትልልቅ አውሮፕላኖችን ሊሠራ ወሰነ። የቀረችው አንዲት የመጨረሻ ጭላት ብቻ ነበረች። እሷንም ያዘዘው አንበሳ ነው፤ አባቴ የበረረው በጭላት ነውና የመጨረሻዋ ከእኔ በቀር ለማን ትገባለች ብሎ።

ፋብሪካው አንድ የማይሻር ደንብ ነበረው። አዲስ ጭላት ለባለቤቷ ከመሰጠቷ በፊት ለሙከራ ትበራለች። ያን ጊዜ በሁለቱ ወንበሮች ላይ በተሳፋሪ ፋንታ እኩል የሚመዝን የአሸዋ ጆንያ ይታሰራል። አሸዋውን ከወንዝ የሚያመጣው አህያ ነበር። ያመጣል፣ ያሳስራል፣ ቆሞ ያያል። አሸዋው ደመና ነክቶ ይመለሳል፤ አህያም ጆንያውን ተሸክሞ ወደ መጋዘን ይወስዳል።

አዲሶቹ ትልልቅ አውሮፕላኖች በጆንያ ሳይሆን በቧንቧ በሚሞላ በርሜል ውሃ እንደሚሞከሩ ሲሰማ አህያ ደነገጠ። ይህች ጭላት ከበረረች በኋላ ከአውሮፕላን አጠገብ የሚያቆመው ነገር የለም። ጆሮዎቹን አስተካክሎ ወደ ፋብሪካው አለቃ፣ ወደ እመት ቀበሮ ሄደ።

«እመት ቀበሮ፣ እኔ ጆንያ አልሆንም ወይ?» አላት።

«እንዴት ማለት?»

«በክብደት ማለቴ ነው። ከፊተኛው ወንበር አሸዋው ይቅርና እኔ ልቀመጥ። ይኼን ሁሉ ዘመን አሸዋው ሰማይ አይቷል፤ እኔ አላየሁም።»

ቀበሮ በሐዘኔታ አንገቷን ነቀነቀች። ደንቡ ክብደት እንጂ አሸዋ አይልምና ይቻላል፤ ግን ለድካሟ የክረምት ገብሱን ቢሰጣት ደስ ይላታል አለችው። ቀበሮ ገብስ አትበላም። ዶሮዎች ግን ይበላሉ፤ ዶሮዎችን ደግሞ ቀበሮ ትበላለች። አህያ እስከዚያ ድረስ አላሰበም። ገብሱን አስረክቦ እየፈነጨ ሄደ።

እሱ ከዓይኗ እንደተሰወረ ቀበሮ ወደ ጅብ ዋሻ ገሰገሰች።

«አያ ጅቦ፣ በጭላት መብረር አትፈልግም?»

«ምን ይበላበታል?» አለ ጅብ ሳይነሳ።

«ከፊትህ አህያ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። በቀበቶ ታስሯል። በሩም ይዘጋል።»

ጅብ ተነሳ። ለክፉ ቀን የደበቀውን የፍየል እግር ከዋሻው ጥግ አውጥቶ ሰጣት። ቀበሮም በአንድ ቀን ገብስም ሥጋም አገኘሁ፣ አህያው ከተበላ ደግሞ ከሳሽ የለብኝም እያለች መንገዱን በሳቅ ጨረሰችው።

በማግስቱ ሠራተኛው ሁሉ በማኮብኮቢያው ዳር ተሰለፈ። ጦጣዎች ከበሮ እየመቱ በጭላት አፍንጫ ላይ የአበባ ጉንጉን አጠለቁ። አህያ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀበቶውን አጠበቀ፤ የሚያየው ነገር እንዳያመልጠው ዓይኑን ላለመጨፈን ወሰነ። ከዚያ ጅብ ገባና ኋለኛው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። በሩ ተዘጋ።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ እንኳን ባል ዝንብም አልነበረም። ካፒቴን ዝንጀሮ ከፊት ባለው ክፍሉ ተዘግቶ ሞተሮቹን አስነሥቷል። ማን እንደተሳፈረ የነገረው ስለሌለ ከኋላው ያሉት እንደ ወትሮው ጆንያዎች ይመስሉታል። አህያ ልውረድ ብሎ አፉን ሲከፍት ጭላት መሬቱን ለቃ ነበር።

ጅብ ደመናው ላይ እስኪደርሱ ታገሠ። ከዚያ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ አህያ አንድ እርምጃ ተራመደ። ወዲያው የጭላት አፍንጫ ቁልቁል ዞረ። በመስኮቱ ሰማዩ ጠፍቶ የሽምብራ ማሳ መጣ። ካፒቴኑ መሪውን በሁለት እጁ ስቦ ሲያቀናት ጅብ እንደ ዱባ እየተንከባለለ ወንበሩ ላይ ተመለሰ።

«አንዱ ጆንያ በደንብ አልታሰረም» አለ የካፒቴኑ ድምፅ በድምፅ ማጉያው።

አህያ ይህን ሲሰማ ጆሮዎቹን ቀና አደረገ። ጆንያ ሲንሸራተት ምን እንደሚሆን ያውቃላ።

«አያ ጅቦ፣ እኔና አንተ ሚዛን ነን» አለ። «ብትበላኝ የት እሄዳለሁ? ሆድህ ውስጥ ነኝ። እዚህ ብትቀመጥ ሁለታችንም ከፊት፣ ወደዚያ ብትመለስ ሁለታችንም ከኋላ። በየትኛውም በኩል ወድቀን መሬት ላይ ነን።»

ጅብ አሰበ። ጅብ ሲያስብ ጊዜ ይወስዳል፤ አንድ ሐይቅና ሁለት ተራራ ከበታቻቸው አለፉ።

«ግማሽህን ብቻስ ብበላ?»

«ግማሼም ይመዝናል።»

«ጆሮህንስ?»

«ጆሮዬን አይተኸዋል፤ ቀላል ይመስልሃል?»

ጅብ ተስፋ ቆረጠ። ያን ጊዜ ነው የወንበሩ ቆዳ የሸተተው። በመጀመሪያ የክንዱን መደገፊያ በላ። ከዚያ የጀርባውን፣ ቀጥሎም የመቀመጫውን። ወንበሩ ወደ ሆዱ ተዛወረ እንጂ ክብደቱ ከቦታው ስላልተነቃነቀ ጭላት ምንም አልተሰማትም፤ ቀጥ ብላ በረረች።

አህያም በመስኮቱ አየ። አሸዋ የሚጭንበት ወንዝ እንደ መቀነት ተዘርግቷል። ዕድሜውን ሙሉ የወጣው ዳገት ከላይ ሲታይ ዳገት አይመስልም፤ ሜዳ ነው። ይህ በጣም አሳቀው። ሆዱን ይዞ ያናፋ ጀመር፤ ካፒቴኑ ደግሞ አዲስ የሞተር ድምፅ ሰምቶ መቆጣጠሪያዎቹን አንድ በአንድ ይመረምር ገባ።

ሲያርፉ አንበሳ ከነአጀቡ ደርሶ ነበር። በሩ ሲከፈት አህያ እየደነሰ ወረደ። አንበሳ ገብቶ ሲያይ ከኋለኛው ወንበር የቀረው ብረት ብቻ ነው። ብረቱ ላይ ጅብ ተቀምጧል፤ ጢሙ ላይ የወንበር ጥጥ አለ።

«ለጅብ ቁርበት ያነጠፈው ማነው?» አለ አንበሳ።

ቀበሮ ከሠራተኛው መሐል ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረች። ጅብ ግን መዋሸት አይችልበትም።

«እመት ቀበሮ ናት። አህያ ትበላለህ ብላ የፍየል እግሬን ወሰደችብኝ። አህያው ግን አይበላም፤ ሚዛን ነው።»

አህያም የክረምት ገብሱን እንደተቀበለችው ተናገረ። አንበሳ እንዲህ ሲል ፈረደ። ገብሱ ለአህያ ይመለስ። ጅብ ወንበር በልቷልና የፍየሉን እግር አይጠይቅ። ወንበሩም ይሠራ፤ ወንበሯ የተቀየረ ጭላት ደግሞ በደንቡ መሠረት እንደገና ትሞከር። ከፊት አህያ ይቀመጥ፤ ከኋላ ቀበሮ። ቀበሮ ቀላል ስለነበረች ሚዛኑ እስኪደርስ ድረስ አህያ ራሱ የአሸዋ ጆንያዎችን በጭኗ፣ በደረቷ፣ በላይ በላይዋ ደረደረባት፤ በመጨረሻ ከቀበሮ የሚታየው የጭራዋ ጫፍ ብቻ ሆነ።

የመጨረሻዋ ጭላት ለሁለተኛ ጊዜ ደመናውን ሰንጥቃ ወጣች። አህያ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ሲስቅ፣ ከጆንያዎቹ ሥር የታፈነ ድምፅ ተሰማ።

«አህያ፣ ወንድሜ፣ ምን ይታያል?»

«ሁሉም ይታያል» አላት አህያ። «ወንዙ ይታያል፤ ዳገቱ ይታያል። የዶሮዎቹም ቤት ይታያል፤ በሩ ክፍት ነው።»

ከዚህ የምንማረው በአንድ አውሮፕላን የተሳፈሩ ሁሉ፣ የቱንም ያህል ባይዋደዱ፣ አንዱ ሌላውን ሊበላ ከወንበሩ ሲነሣ አብረው ቁልቁል እንደሚሄዱ ነው።