ዶሮዎቹ የበተኑት አፈር

«ደሜ ንጹሕ ነው ከተባለ፣ አንገቴን ማየት ለምን አስፈለገ?» ይህን ጥያቄ ለዓመታት ይዤው ዞሬያለሁ። ካንሰር የያዘው የታይሮይድ ዕጢዬ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ወዲህ፣ የደም ውጤቴ ሁልጊዜ «ምንም የለም» ነው የሚለው። ዶክተር ሽኩር ግን ሁልጊዜ አልትራሳውንድ ያዙልኛል፤ እኔም ፈርቼ አልትራሳውንዱን ሳልነሳ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። በመጨረሻ እንደምንም ደፍሬ ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁና እንዲህ አሉኝ፦

«አንድ ገበሬ ነበረ። የእንሰት ጓሮው ውስጥ ፍልፈል ገባበት። ፍልፈል ከመሬት በታች ሥሩን ይበላል፤ እንሰቱ ግን እስኪወድቅ ድረስ ለምለም ነው። የሚያሳብቅበት ቆፍሮ የሚያወጣው የአፈር ቁልል ብቻ ነው። ገበሬው ፍልፈሉን አሳድዶ አወጣው። ሌላ ፍልፈል ቀርቶ እንዳይሆን ሰግቶ ግን ሚስቱን 'ጠዋት ጠዋት ቁልል ካየሽ ንገሪኝ' አላት። እሷም ወጥታ ታያለች፤ መሬቱ ለጥ ያለ ነው። 'ምንም የለም፤ አርፈህ ተኛ አንተ ሰውዬ!' ትለዋለች። አልዋሸችም፤ ያየችውን ነው የነገረችው።

«አንድ ቀን ጎረቤቱ በአጥር በኩል 'ዶሮዎችህ እዚያ ጥግ ምን ድግስ አግኝተው ነው?' ብሎ ቀለደበት። ገበሬው ሄዶ አየ። ለካ ዶሮዎቹ ትል ፍለጋ ትኩሱን አፈር እየጫሩ ይበትኑት ኖሯል፤ ሚስቱ ስትደርስ ቁልሉ የለም። ገበሬው ዶሮዎቹን አላባረረም። እንጨት አነሣና እነሱ በበዙበት ቦታ መሬቱን ወጋ አደረገ። እንጨቱ ወደ ፍልፈል ጉድጓድ ሰመጠ። እዚያው ቆፈረና እንሰቱ ሳይወድቅ ደረሰለት።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ቁልሉ በደምሽ ውስጥ የምንፈልገው የካንሰሩ ምልክት ነው። ሚስትየዋ ላቦራቶሪው ናት። ዶሮዎቹ ደግሞ ሰውነትሽ ራሱ የሚያመርታቸው አንቲቦዲዎች ናቸው። ክፋት የለባቸውም፤ ምልክቱን ግን ከምርመራው ይሸፍኑታል። ያንቺ ዶሮዎች ሰሞኑን በዝተዋል። ዶሮ የተሰበሰበበት ሁሉ ፍልፈል አለ ማለት አይደለም። ግን በእንጨቱ፣ ማለትም በአልትራሳውንዱ፣ ሳላይ 'አርፈሽ ተኚ' ልልሽ አልችልም።»

«እንጨቱ ያማል?» አልኳቸው።

ሣቁ። «ቀዝቃዛ ቅባት ነው እንጂ!»

እስከ ዛሬ የደም ውጤቴን አጥፌ በቀጥታ ወደ ታክሲ ነበር የምሄደው። ዛሬ ግን ጠባሳዬን የምሸፍንበትን ሻርፕ ፈታሁና፣ አልትራሳውንድ ክፍሉ በር ላይ ወረፋ ያዝኩ።